ባዶ መሆን የነበረበት ረድፍ

ጡረታ የወጣሁ ቀን እዚህ ቡታጅራ፣ ባስተማርኩበት ትምህርት ቤት፣ ባልደረቦቼ በመምህራን ክበብ ውስጥ አነስተኛ የሽኝት ዝግጅት አደረጉልኝ። ጋቢ አለበሱኝ። ርዕሰ መምህሩ ስለ ትጋቴ ረዘም ያለ ንግግር አደረገ፤ ግማሹ ስለ ሌላ ሰው የተነገረ ይመስል ነበር። በመጨረሻ አንዲት ወጣት የባዮሎጂ መምህርት ተነሥታ፣ «ጋሽ መርዕድ፣ ማስተማር ከመጀመርዎ በፊት፣ በጃንሆይ ጊዜ፣ ተመራማሪ እንደነበሩ ሰምቻለሁ። ምን ነበር የሚያጠኑት? ምንስ አገኙ?» ስትል ጠየቀችኝ።

የመጀመሪያውን ጥያቄ መለስኩ። እንሰት ልቡ ተፈንቅሎ ሲወጣ ከቁስሉ ዙሪያ አዲስ ቡቃያ ለምን እንደሚወጣ ነበር የምናጠናው አልኳት። ሁለተኛው ላይ ስደርስ አፌ ተያዘ። ሰው ሁሉ ስሜቴ የተነካ መስሎት አጨበጨበልኝ። እኔ ግን ዝም ያልኩት መልሱን ስለማላውቀው ነው። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል፤ የኔው ነገር ግን እያደር ደፈረሰ። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍም ስለቀነሰ፣ ጊዜም ስለተረፈኝ፣ የማስታውሰውን ያህል ለመጻፍ ተቀመጥኩ።

ወልቂጤ የደረስኩት ከእርሻ ትምህርት ቤት በወጣሁ በሁለተኛው ወር ነው። ተወልጄ ያደግኩት ደብረ ብርሃን ስለሆነ እንሰት የሚባል ተክል በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር። ከአውቶቡስ ወርጄ በየቤቱ ጓሮ የቆመውን ሰፊ ቅጠል ሳይ ሙዝ መሰለኝ፤ ሻንጣዬን ይዞልኝ የነበረውን ሰውዬ፣ «ይህ ሁሉ ሙዝ መቼ ነው የሚያፈራው?» አልኩት። ሰውዬው ሻንጣዬን አስቀምጦ አየኝ። «ጌታዬ፣ ይሄ ፍሬው አይበላም። ራሱ ነው የሚበላው» አለኝ። ሊያጠና የመጣው ባለሙያ እኔ መሆኔን አልነገርኩትም።

የተመደብኩበት ጣቢያ ሦስት ክፍል ያለው የቆርቆሮ ቤትና ከኋላው ያለ ጓሮ ነበር። ጄኔሬተሩ ደስ ሲለው ይሠራል። ደሞዜም ቀጭን ነበር፤ ስለ እሱ ከዚህ በላይ አልናገርም። የጣቢያው ኃላፊ ዶክተር ይልማ ነበሩ። ውጭ ሀገር ረጅም ዘመን ተምረው፣ እዚያው የመቅረት ዕድል እያላቸው፣ አንድ ማይክሮስኮፕ በብርድ ልብስ ጠቅልለው የመጡ ሰው ናቸው። ቀጭን፣ ዝግ ያሉ፣ ሲናገሩ አውራ ጣታቸውን ካመልካች ጣታቸው ጋር የሚያሻሹ ሰው ነበሩ። ማንኛውንም ተክል ከማየታቸው በፊት በአውራ ጣታቸው ይጫኑታል። ጎመንም ይሁን ሎሚ፣ ገበያ ላይ ሳይቀር ይጫኑና ሻጮቹ ይቆጧቸዋል።

ሥራው ምን እንደሆነ ያስረዱኝ በመጀመሪያው ጠዋት ነው። ገበሬው የሁለት ሦስት ዓመት እንሰት ይነቅላል። ግንዱን ከአምቾው ከፍ አድርጎ ይቆርጠዋል፤ አምቾ ማለት ከመሬት በታች ያለው፣ ግዙፍ ድንች የመሰለው ክፍል ነው። ከዚያ በመሃል ያለውን የእድገት ጫፍ፣ ገበሬው ልብ የሚለውን፣ በቢላ ፈንቅሎ ያወጣል። በተፈጠረው ጉድጓድ ውስጥ ድንጋይ አስገብቶ ከፋንድያ ጋር ይቀብረዋል። ከሁለት ሦስት ወር በኋላ በቁስሉ ዙሪያ ቡቃያ ይፈላል፤ ያ ሁሉ ወደፊት እንሰት ይሆናል። ልቡ በቦታው እያለ ግን አንድም ቡቃያ አይወጣም።

«ልቡ ሲወጣ ሌሎቹ ለምን እንደሚነሡ በከፊል ይታወቃል» አሉኝ ዶክተር ይልማ። «እኔን ያስቸገረኝ ድንጋዩ ነው። ድንጋዩ ምን ይሠራል?»

«ባህል ይሆናላ» አልኩ።

«ባህል ከሆነም ባህል መሆኑን እናያለን።»

የእንሰቱን ቅጠል አንገት ቆርጠው በቁመቱ ሰነጠቁት። ሁለቱ ግማሾች ማንም ሳይነካቸው ወደ ውጭ ተለጠጡ። ውሃ ውስጥ ሲከቷቸው ይበልጥ ተቆለመሙ፤ ጨው ውሃ ውስጥ ሲከቷቸው ደግሞ ልፍስፍስ አሉ። እያንዳንዱ ሴል በውሃ ተወጥሮ ጎረቤቱን ይገፋል፣ ላዩ ያለው ቆዳ ደግሞ ሁሉንም አጥብቆ ይይዛል፤ ተክል የሚቆመው በዚህ ግፊያ ነው አሉኝ። ልቡ ተፈንቅሎ ሲወጣ በዚያ በኩል የሚገፋም የሚገፋበትም ይጠፋል። ድንጋዩ ያንን ክፍት ቦታ ተክቶ ይጫን ይሆን? ሴሉስ መጫኑን አውቆ መከፈል ይጀምር ይሆን? ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ይቀንሳል። እኔ አንዱም አልገባኝም፤ ግን የገባኝ ይመስል ጻፍኩ።

እጄን ያሠለጠኑኝ እሳቸው ናቸው። ምላጩን በቆዳ ቀበቶ ላይ እስል ነበር፤ ክንዴ ላይ ያለውን ፀጉር ሳይጎትት ካልላጨ አልተሳለም ይሉኛል። የአምቾውን ቁራጭ በካሮት መሃል አጣብቄ ይዤ፣ እርጥብ ምላጭ ወደ ራሴ እስባለሁ። ጥሩ የተቆረጠ ስስ ቁራጭ ውሃ ላይ ሲንሳፈፍ ራሱ አይታይም፣ ጥላው ነው የሚታየው። የማይክሮስኮፑን መስተዋት ወደ መስኮቱ አዙረን የፀሐይ ብርሃን እንይዛለን፤ ደመና ከመጣ ሥራ የለም። በመጀመሪያው ሳምንት ማይክሮስኮፑ ውስጥ ክብ ክብ ነገሮች አይቼ ሁለት ቀን ሙሉ ሳልኩ፣ በኩራትም አሳየኋቸው። ወረቀቱን አገላብጠው አዩት። «ጥሩ ስዕል ነው» አሉ። «ሴል አይደለም። የሳልከው ቡላ ነው።» አምቾው የሚለቀውን የስታርች ፍርፋሪ ሳላጥብ ነበር የሳልኩት። ይህ ወሬ ወልቂጤ ከተማ ገብቶ፣ ቆይቼ ያገባኋት ሽታዬ ገና ሳታውቀኝ ስቃብኛለች።

ከልማዶቻቸው ሁሉ ያልረሳሁት ግን ቀይ እርሳሳቸውን ነው። የማስታወሻ ደብተሬን ቅዳሜ ቅዳሜ ያነብባሉ፤ «ስለዚህ» የሚል ቃል ካገኙ በቀይ ይሰርዙታል። አንድ ጊዜ፣ «ውሃ አነሰው፤ ስለዚህ ጠወለገ» ብዬ ጻፍኩ። ሰረዙት። «ውሃ አነሰው። ጠወለገ። ሁለቱን አይተሃል። በመካከል ያለውን ግን አላየህም» አሉኝ። «ያላየኸውን ‹አላየሁም› ብለህ ጻፍ። ደብተር አያፍርብህም።» ደብዳቤ ስጽፍ እንኳ ያችን ቃል እፈራት ጀመር። ለእናቴ፣ «ሥራ በዛብኝ። ለፋሲካ አልመጣም» ብዬ ብጽፍላት ኩርፊያ መሰላት።

ሁለት ረድፍ አምቾ ተከልን። ነጭ ችካል ያለበት ረድፍ ጉድጓዱ ውስጥ የተመዘነ ድንጋይ አለው፤ ቀይ ችካል ያለበት ባዶውን በሰሌን ተሸፍኖ አፈር ይለብሳል። በወልቂጤው ጓሮ ድንጋይ ያላቸው ዙሪያውን ሙሉ አበቀሉ። ባዶዎቹ በአንድ ወገን ጥቂት ሰጡ፣ አንዳንዶቹም በሰበሱ። እኔ ጉዳዩ ያለቀ መሰለኝ። ዶክተር ይልማ ግን፣ «አንድ ቦታ የታየ ነገር ገና አልታየም» አሉና ሁለተኛውን ሙከራ ቡታጅራ አጠገብ፣ ገበሬ ጓሮ ውስጥ እንድናደርግ ወሰኑ።

ገበሬው አቶ ከድር ይባሉ ነበር። ከከተማው አንድ ሰዓት በእግር ርቆ፣ መስቃን ውስጥ፣ ጓሯቸው በእንሰት የታወቀ፣ ቃላቸው የሚከበር ሽማግሌ ናቸው። ዶክተር ይልማ እያንዳንዱን ነገር በትዕግሥት አስረዷቸው፤ ነጩ ድንጋይ አለው፣ ቀዩ ባዶ ይቀራል፣ ማንም አይንካው። አቶ ከድር እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አዳመጡ።

«ገብቷል» አሉ። «ኢንሻ አላህ፣ ልክ እንደ ራሴ እጠብቀዋለሁ።»

ያችን ቃል እኔም ዶክተር ይልማም በምስጋና ተቀበልናት።

በዚያ ዘመን ከወልቂጤ ቡታጅራ ለመድረስ መኪና አዲስ አበባ ገብቶ በቡኢ በኩል መመለስ ነበረበት። ስለዚህም እኔ ቡታጅራ ክፍል ተከራይቼ እንድቀመጥ ተወሰነ። (ይኸው ቃሉን ጻፍኩት። የሚሰርዘኝ የለም።) ሥራዬ ቀላል ነበር። በየሳምንቱ እሄዳለሁ፤ የቀዩን ረድፍ አፈር በእጄ ገለጥ አደርጋለሁ፤ ጉድጓዱ ባዶ መሆኑን አያለሁ፤ መልሼ እሸፍናለሁ፤ በሠንጠረዡ ላይ «አልተነካም» ብዬ እፈርማለሁ።

የመጀመሪያው ሳምንት ስደርስ አቶ ከድር በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ሰላምታው ብቻ ረጅም ነው፤ ስለ ጤናዬ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ እናቴ፣ ስለ ዶክተሩ ይጠይቃሉ። ቤት ገባሁ። ቆጮ በአይብና በጎመን ቀረበ፣ እምቢ ማለት አይቻልም። ከዚያ ጓሮ ወጣን። ቀዩ ረድፍ አጠገብ ተንበርክኬ እጄን ዘረጋሁ።

«የጠፋ ነገር አለ እንዴ?» አሉኝ ከኋላዬ።

«የለም። እንዲያው ተነክቶ እንደሆነ ለማየት ነው።»

«ማን ይነካዋል? እኔ እያለሁ?»

በቁጣ አይደለም ያሉት። የተጎዳ ድምፅ ነበር። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ሲባል ነው ያደግኩት፤ እንጀራቸውን በልቼ፣ ዓይናቸው እያየኝ፣ ቃላቸውን በጣቴ ልፈትሽ አልቻልኩም። እጄን አራግፌ ተነሣሁና «አልተነካም» ብዬ ፈረምኩ። በሁለተኛው ሳምንት ይቀልልኛል ብዬ ነበር፤ ይበልጥ ከበደኝ። ከዚያ በኋላ መንበርከኩንም ተውኩት። ችካሎቹን ከሩቅ እያየሁ፣ ሻዬን እየጠጣሁ፣ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት «አልተነካም፣ አልተነካም» እያልኩ ሠንጠረዡን ሞላሁ። እንደዋሸሁ አይሰማኝም ነበር። ሰው ማክበር መስሎኝ ነበር።

ቡቃያው ወጣ። ቆጠርኩ። ነጩም ቀዩም እኩል ነበሩ። ደግሜ ቆጠርኩ፤ እኩል ናቸው። ዶክተር ይልማ መጥተው ራሳቸው ቆጠሩ፤ ቡቃያዎቹን አንድ በአንድ በአውራ ጣታቸው ተጫኗቸው። የወልቂጤው ባዶ ረድፍ በስብሶ፣ የቡታጅራው ባዶ ረድፍ እንዴት እንዲህ ሊያምር ቻለ? በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ተከልን፤ ያው ሆነ። የእንሰቱን ዝርያ ለዋወጥን፤ ያው ሆነ። ዶክተር ይልማ ዝናቡን ለኩ፣ ፋንድያውን መረመሩ፣ አቶ ከድር ከቁስሉ ዳር ከሚቆርጡልኝ እየላጥኩ ያመጣሁላቸውን ስስ ቁራጭ ቀኑን ሙሉ ሲያዩ ይውሉ ነበር። «የሁለቱም ሴሎች በአንድ አቅጣጫ ነው የሚከፈሉት። የተጫነ ነገር ይመስላሉ። ማን ጫናቸው?» ይላሉ። መልስ የሚጠብቁ ይመስል ያዩኛል። እኔም ከልቤ ግራ ተጋብቼ አያቸዋለሁ።

በሁለተኛው ዓመት፣ ቡቃያው አድጎ ሊነጣጠል ሲደርስ፣ አቶ ከድር ጎረቤቶቻቸውን ደቦ ጠርተው አምቾዎቹን ማውጣት ጀመሩ። በመጀመሪያው ዓመት ሥራው ካለቀ በኋላ ነበር የደረስኩት። በዚህኛው ግን ማልጄ ደረስኩ። ከቀዩ ረድፍ የመጀመሪያው አምቾ ተነቅሎ ሲገለበጥ ከመሃሉ ድንጋይ ወደቀ። ችካሉ የተሳሳተ መሰለኝ። ሁለተኛው ተገለበጠ፤ ድንጋይ። ሦስተኛው፤ ድንጋይ። ክብ፣ የታጠበ፣ ተመርጦ የገባ የወንዝ ድንጋይ ነው። አጥሩ ሥር ተቀመጥኩ።

አቶ ከድር መጥተው አጠገቤ ቁጢጥ አሉ።

«አሞሃል ልጄ?»

«አባባ፣ እነዚህ ባዶ ይሁኑ አላልንም?»

«ብላችኋል።»

«ታዲያ ድንጋዩን ማን አስገባው?»

«እኔ ነኛ።» ፊታቸው የጥፋተኛ ፊት አልነበረም። «እናንተ እንግዳ ናችሁ። ድንጋዩ ሳይበቃችሁ ቀርቶ፣ ለማለት አፍራችሁ ‹ባዶ ይሁን› ያላችሁ መሰለኝ። ሰው ፊት ‹ተሳስታችኋል› ልበላችሁ? ያ ትልቅ ሰው ከአዲስ አበባ ድረስ መጥቶ? ማታውኑ ሞላሁት። ወላሂ፣ ድንጋዩን የመረጥኩት ለራሴ ከማስገባው አስበልጬ ነው።»

«ባዶውን ቢተዉትስ ኖሮ?»

«እንዴት አድርጌ? ልቡን አውጥተህ አፉን ከፍተህ ትተወዋለህ? ጎረቤት ምን ይለኛል?» ቀና ብለው ቡቃያዎቹን አዩ። «አላማረም እንዴ?»

አምሯል አልኳቸው። ሌላ ምን ልበል? እንግዳ እንዳያፍር ስሕተቱን በዝምታ ያረሙለት እሳቸው፣ ባለቤት እንዳያዝን አፈሩን ያልገለጠው እኔ፤ ሁለታችንም በጨዋነት ተጋግዘን የአንድ ሰው የሁለት ዓመት ልፋት ቀበርነው።

በማግስቱ ተሳፈርኩ። በቡኢ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ወልቂጤ፣ መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ሳጠና ነበር። «አቶ ከድር ድንጋይ አስገብተውበታል» ማለቱ አልከበደኝም። ችግሩ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ነው፤ «አንተ በየሳምንቱ ምን ነበር የምታየው?» ደግሞ ነገሩ ቢነገር ለሳቸው ደስታ ነው እኮ! ሁሉም ድንጋይ ከነበረው፣ ሁሉም ማማሩ የወልቂጤውን ውጤት ያጸናዋል። የሚያጠፋው እኔን ብቻ ነበር።

ስደርስ ዶክተር ይልማ ጠረጴዛቸው ላይ ሆነው ሳቁልኝ። ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም ነበር። የተተየበ ወረቀት ሰጡኝ። «አንብበው። ከሁለት ዓመት በኋላ በመጨረሻ ያዝኩት መሰለኝ» አሉ። የቡታጅራ አፈር ጥቁርና ከባድ መሆኑን፣ ዝናብ ሲጠግብ እንደሚጫን ይዘረዝራል። ከታች በኩል እንዲህ ይላል፤ «ስለዚህ በቡታጅራ የድንጋዩን ሥራ የሚሠራው አፈሩ ራሱ ነው።» ያችን ቃል መልሼ አነበብኳት። ቀይ እርሳሱ እዚያው ወረቀቱ አጠገብ ነበር።

«ምነው? ስሕተት አየህ?» አሉኝ።

«የለም» አልኩ። «መንገዱ ነው ያደከመኝ።»

ከሳምንት በኋላ አዲስ አበባ፣ የመሥሪያ ቤታችን ትልልቅ ሰዎች በተሰበሰቡበት አዳራሽ ጥናታቸውን አቀረቡ። ስላይዶቹን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። አንድ አዛውንት ተነሥተው፣ «ባዶ የተባለው ረድፍ በእርግጥ ባዶ ነበር?» ሲሉ ጠየቁ። ዶክተር ይልማ አላመነቱም። «ረዳቴ በየሳምንቱ አይቶታል፤ የፈረመበት ሠንጠረዥ አለ» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። አዳራሹም አብሮ ዞረ። እኔ በአዎንታ ራሴን ነቀነቅሁ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ የሠራሁት ትልቁ ጥፋት ያ ነው፤ አንድም ቃል አልወጣኝም።

ከዚያ በኋላ የሆነው የሚያስቅም የሚያስለቅስም ነው። የአፈሩን ነገር ለማረጋገጥ የቡታጅራን አፈር በጭነት መኪና አስጭነን ከቡታጅራ በታች ወዳለችው ቆሼ ወረድን። የቆሼ ሰዎች መንገድ ዳር ቆመው፣ «እዚህ አፈር ጠፍቶ ነው?» እያሉ አላገጡብን። በዚያ አፈር ውስጥ ድንጋይ የሌላቸውን አምቾዎች ቀበርን፤ አብዛኞቹ በሰበሱ። ዶክተር ይልማ የበሰበሰውን አምቾ በእጃቸው ይዘው በአውራ ጣታቸው ተጫኑት፤ ጣታቸው ሰጠመ። «አንድ ነገር አምልጦኛል» አሉ። ሌሊት በርቶ የሚያድር ፋኖሳቸውን በመስኮት አይ ነበር። እኔ የማውቀውን አንድ ዓረፍተ ነገር ባውጣ ያ ሰው ይተኛ ነበር። በየጠዋቱ ዛሬ እነግራቸዋለሁ እላለሁ፤ በየጠዋቱ ምላጬን ስዬ እቀመጣለሁ። ይፈርዱብኛል ብዬ አይደለም። እሳቸው ቢያፍሩስ ብዬ ነበር፤ ቢያንስ ለራሴ የምነግረው ያንን ነበር። ዛሬ ያንንም እጠራጠራለሁ።

ለውጡ መጣ። ጃንሆይ ወረዱ፣ ጣቢያው ለሌላ መሥሪያ ቤት ተሰጠ፣ ዶክተር ይልማ አዲስ አበባ የጽሕፈት ቤት ሥራ ላይ ተመደቡ። ወልቂጤ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኘኋቸው። ማይክሮስኮፑን አስረክበው ስለነበር ብርድ ልብሱን ብቻ በክንዳቸው ይዘዋል። ዛሬ ካልተናገርኩ መቼም አልናገርም ብዬ፣ «ዶክተር፣ ስለ ቡታጅራው...» ብዬ ጀመርኩ።

እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉ። «አቶ ከድር ደግ ሰው ናቸው» አሉ። «እንግዳ ባዶውን አይሸኙም፣ አይደል?»

«አዎ» አልኩ።

«እንዲያ ነው» አሉና ተሳፈሩ።

ምን ማለታቸው ነበር? ያወቁት ነገር አለ? ካወቁስ መቼ? ከአዳራሹ በፊት ከሆነ ለምን አቀረቡት? ከቆሼ በኋላ ከሆነ ለምን አልገሠጹኝም? ወይስ እንዲያው ስለ አቶ ከድር ቆጮ ነበር ያወሩት? ከጥቂት ዓመታት በኋላ ማረፋቸውን ሰማሁ፤ ጥያቄው እኔ ላይ ቀረ። አቶ ከድርም ከዚያ ብዙ ሳይቆዩ ሄዱ። እኔ አስተማሪ ሆንኩ፤ ስለ ሴል ሳስተምር «ሴል ይገፋል፣ ይገፋል» እላለሁ፤ ያንን አይቻለሁና።

ያች ወጣት መምህርት ከጠየቀችኝ በኋላ ቡታጅራ ገበያ ወጥቼ ስምንት አምቾ ገዛሁ። ልባቸውን ራሴ ፈንቅዬ አወጣሁ፤ እጄ አልረሳም። አራቱን ከድንጋይ ጋር፣ አራቱን ባዶ፣ በጓሮዬ ቀበርኩ። ነጭና ቀይ ችካል አደረግኩ። በየሳምንቱ ጉልበቴን እየረገምኩ እንበረከካለሁ፣ አፈሩን በእጄ እገልጣለሁ፣ ያየሁትን እጽፋለሁ። ከእኔ በቀር ባለቤት የለውም፤ የሚያዝን የለም።

ባለፈው ሳምንት ከቀዩ ረድፍ ሦስተኛውን ስገልጥ ጣቴ ጠንካራ ነገር ነካ። ድንጋይ ነው። ክብ፣ የታጠበ ድንጋይ።

ሽታዬን ጠራኋት። ጉራጌ ናት፣ ጓሮ ውስጥ ነው ያደገችው። «አንቺ ነሽ?» አልኳት።

«እኔ ምን አገባኝ ባንተ ድንጋይ?» አለች፤ ግን ጉድጓዱን ጎንበስ ብላ አየችው። «የሌሎቹስ አፍ እንዲህ ክፍት ነው የሚቀረው?»

ጎረቤታችንን ጠየቅሁ፤ አልነካሁም ብሎ ማለ። ቀሪው እኔ ነኝ። በፊተኛው ሳምንት አፈሩን ስመልስ ፀሐይ ከርሮብኝ ነበር፤ እጄ የሠራውን ሁሉ አስታውሳለሁ ብዬ አልምልም። ደብተሬን አወጣሁና ጻፍኩ፤ «ቀይ፣ ሦስተኛው። አፈሩን ገለጥኩ። ድንጋይ አለ። ማን እንዳስገባው አላውቅም።» ይህን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ አንድ የሥራ ዘመን ፈጀብኝ። የዚያ ሁሉ ሠንጠረዥ ፊርማ አንድ ጊዜ እንኳ እንዲህ ቢል ኖሮ ብዬ ዶክተር ይልማን አሰብኩ።

ድንጋዩን አነሣሁት። ባዶ መቅረት ያለበት ረድፍ ነው፤ አውጥቼ መጣል ነበረብኝ። የጉድጓዱን አፍ ሳየው አልቻልኩም። መልሼ አስገባሁትና አፈር አለበስኩት።

ያንንም ጻፍኩ።